በከበባ ውስጥ የተወለደው ሎተሪ

በ1759 የስፔኑ ንጉሥ ፌርናንዶ ስድስተኛ ልጅ ሳይተኩ ሞቱና ዘውዱ በአባት ለሚገናኟቸው ወንድማቸው ለካርሎስ ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካርሎስ በዚያን ጊዜ ናፖሊ ላይ ከነገሡ ሃያ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ወደ ማድሪድ ሲሄዱ የሸክላ ጠቢቦቻቸውን ሳይቀር አስከትለው ሄዱ። ከናፖሊ ከወሰዱት ሁሉ ግን በስፔን ሕዝብ ኑሮ ውስጥ ሥር የሰደደው ሎቶ የሚባለው የዕጣ ጨዋታ ነው።

የጨዋታው መነሻ ጄኖቫ ናት። የጄኖቫ ሪፐብሊክ ከታጩ ሰዎች መካከል አምስት የሸንጎ አባላትን በዕጣ ትመርጥ ነበር። ሕዝቡ ታዲያ ማን እንደሚወጣ እየገመተ ገንዘብ ማስያዝ ጀመረ። ከጊዜ በኋላ ሰዎቹ ቀሩና በስማቸው ምትክ ከ1 እስከ 90 ያሉ ቁጥሮች ገቡ። በናፖሊ ጨዋታው የመንግሥት ሆኖ ስለነበር ካርሎስ ለግምጃ ቤት ምን ያህል እንደሚያስገባ በዓይናቸው አይተዋል።

በ1763 የስፔን ግምጃ ቤት ተራቁቶ ነበር። ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ጦርነት ሃቫና ተይዛ፣ እሷን ለማስመለስ ፍሎሪዳ ተሰጥታለች። ንጉሡን ተከትሎ ከጣሊያን የመጣው የገንዘብ ሚኒስትር፣ ማርኬስ ኤስኪላቼ፣ በናፖሊ ሎተሪን ይመራ የነበረውን ሆሴ ፔያን አስመጣ። ሴፕቴምበር 30 ቀን አዋጁ ወጣ፤ ዲሴምበር 10 ቀን ማድሪድ የመጀመሪያውን ዕጣ አየች። ከ90 ቁጥሮች አምስቱ ይወጣሉ። ተጫዋቹ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር ገምቶ የፈለገውን ያህል ገንዘብ ያስይዛል፤ የገመታቸው ቁጥሮች በበዙ መጠን ከደረሰው የሚከፈለው እጥፍም ይበዛል። ገቢው ለሆስፒታሎች፣ ለሙት ልጆችና ለድሆች ማደሪያዎች እንደሚውል ታወጀ፤ ስሙም የበጎ አድራጎት ሎተሪ ተባለ።

ኤስኪላቼ ግን ብዙ አልቆየም። በ1766 የማድሪድ ሰው ረጅም ካባና ሰፊ ባርኔጣ በከለከለው ትእዛዝና በዳቦ ውድነት ተቆጥቶ ተነሣበት። ቤቱ ተዘረፈ፤ ንጉሡም ከአገር ሊያስወጡት ተገደዱ። እሱ ያቋቋመው ሎተሪ ግን በቦታው ቀረ። ይህ ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል፤ ሎተሪውን ያቋቋሙት ይወድቃሉ፣ ሎተሪው ይቆያል።

ዕጣውን ማን ያውጣ የሚለው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ሹም ቢያወጣ ሹሙ ይጠረጠራል፤ ቄስ ቢያወጣ ቤተ ክርስቲያን እጇን በቁማር ነከረች ይባላል። መልሱ የተገኘው በማድሪድ ከነበረ የሙት ልጆች ትምህርት ቤት ነው። የሳን ኢልዴፎንሶ ትምህርት ቤት ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ወላጅ ያጡ ወንዶች ልጆችን እየሰበሰበ ማንበብ፣ መጻፍና ጸሎት ያስተምር ነበር። ማርች 9 ቀን 1771 ዲዬጎ ሎፔስ የሚባል ልጅ እጁን አስገብቶ ቁጥሮቹን አወጣ። ወገን የሌለው ልጅ ለማን ያደላል ተብሎ የተመረጠው ይህ መንገድ እስከ ዛሬ አልተቀየረም። ያኔ የቆመው ልጅ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ድሃው ሳይሆን አይቀርም፤ የሌላውን ሰው ሀብት በእጁ ሲያወጣ ምን እንዳሰበ የጻፈ የለም።

የበጎ አድራጎት ሎተሪ ለመንግሥት አንድ አደጋ ነበረው። የሚከፈለው እጥፍ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ የሚያስይዘው ሰው ቁጥር ግን አይታወቅም። ብዙ ሰው ተመሳሳይ ሦስት ቁጥር ገምቶ ቁጥሮቹ ቢወጡ ግምጃ ቤቱ ይከስራል። መንግሥት በሰላም ጊዜ ይህን ሊሸከም ይችላል። ጦርነት ሲመጣ ግን ሌላ ዓይነት ሎተሪ አስፈለገ።

በ1808 ናፖሊዮን ስፔንን ያዘና ወንድሙን ዦዜፍን አነገሠባት። በ1810 መጀመሪያ ላይ ከፈረንሳዮች እጅ ላመለጠው መንግሥት የቀረው መጠጊያ ካዲስ ነበረች፤ በቀጭን የምድር ልሳን ብቻ ከየብስ ጋር የተያያዘች የወደብ ከተማ። ከኋላዋ ባሕርና የእንግሊዝ መርከቦች፣ ከፊቷ የፈረንሳይ መድፍ። ከስፔን፣ ከአሜሪካና ከፊሊፒንስ ግዛቶች የተውጣጡ እንደራሴዎች በሳን ፌሊፔ ኔሪ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ሕገ መንግሥት ያረቅቁ ነበር። ሠራዊቱ ደሞዝ ይፈልጋል፤ ግብር የሚሰበሰብበት አገር ግን በጠላት እጅ ነው።

በዚህ መሀል ሲሪያኮ ጎንሳሌስ ካርቫሃል አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ካርቫሃል ቀደም ሲል በሜክሲኮ በዳኝነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። በዚያ ከ1770 ጀምሮ የተቋቋመ የመንግሥት ሎተሪ ነበር። አሠራሩም ከናፖሊው ይለያል፤ ተጫዋቹ ቁጥር አይገምትም፣ ቁጥር የታተመበት ትኬት ይገዛል። የትኬቱ ብዛትና ዋጋ የተወሰነ ነው፤ የዕጣው መጠንም አስቀድሞ ይታወቃል። ከሽያጩ ሦስት አራተኛው ለዕጣ፣ አንድ አራተኛው ለግምጃ ቤት። መንግሥት በዚህ አሠራር አይከስርም። ግብር ከፋዩን ሳያስከፋ የአገርን ገቢ ማሳደጊያ ነው ብለው ነበር ያቀረቡት፤ ኖቬምበር 23 ቀን 1811 ምክር ቤቱ ያለ አንድ ተቃውሞ ተቀበለው። ብዙ ጊዜ ሎተሪ ከአውሮፓ ወደ ቅኝ ግዛት የተጫነ ነገር ይመስለናል። እዚህ ላይ ግን መንገዱ ተቃራኒ ነው፤ የምትገዛው ሜክሲኮ፣ ለመሞት የተቃረበውን የገዢዋን መንግሥት ገንዘብ ማግኘት አስተማረችው።

የመጀመሪያው ዕጣ ማርች 4 ቀን 1812 ካዲስ ውስጥ ወጣ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ፣ ማርች 19፣ ሕገ መንግሥቱ ታወጀ። ትኬቱ መጀመሪያ ይሸጥ የነበረው በካዲስና በአጠገቧ ባለችው ሳን ፌርናንዶ ብቻ ነበር፤ የፈረንሳይ ጦር ወደ ኋላ ባለ ቁጥር ሽያጩ እየተከተለ ሄደ። በኦገስት ከበባው ተነሣ። ዲሴምበር 18 ቀን ገና ሲቃረብ ሌላ ዕጣ ወጣ፤ አንደኛ ዕጣ የደረሰው ቁጥር 03604 ነበር፤ የትኬቱ ዋጋ 40 ሬያል። ስፔናውያን የገናውን ዕጣ ታሪክ የሚቆጥሩት ከዚያ ቀን ነው።

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1814 ሎተሪው ነፃ በወጣችው ማድሪድ ዕጣውን አወጣ። አንድ ወር ሳይሞላ ፌርናንዶ ሰባተኛ ከፈረንሳይ ግዞት ተመለሱ። የካዲስን ሕገ መንግሥት ሻሩ፤ የምክር ቤቱን ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠር አሉ፤ እንደራሴዎቹን አሳሰሩ። ያ ምክር ቤት ያቋቋመውን ሎተሪ ግን አልነኩትም። ነፃነትን የሚጠላ ንጉሥ የነፃነት ታጋዮች የፈጠሩትን የገንዘብ ምንጭ ለመጠቀም አላመነታም። ከዚያ በኋላ በመጡት ንጉሦች፣ ሪፐብሊኮችና አምባገነኖች ዘመን ሁሉ የሆነው ይኸው ነው።

ለሃምሳ ዓመት ያህል ሁለቱ ሎተሪዎች ጎን ለጎን ኖሩ። የካዲሱ ዘመናዊ ሎተሪ ሲባል የናፖሊው ፕሪሚቲቫ፣ የጥንቱ፣ ተባለ። በ1862 መንግሥት ፕሪሚቲቫን ዘጋው። ዘመናዊው ግን ሰፋ፤ በየከተማው የሎተሪ መሸጫ ተከፈተ፤ የገናው ዕጣ ከሌሎቹ ሁሉ እየገነነ ሄደ። የገና ዕጣ የሚለው ስም በ1892 በይፋ መጠራት ጀመረ፤ በ1897 ደግሞ ትኬቱ ላይ ታተመ። ትልቁን ዕጣ ሕዝቡ ኤል ጎርዶ፣ ወፍራሙ፣ ይለዋል።

ሎተሪውን የመንግሥት ብቻ ከመሆን አውጥቶ የሕዝብ ያደረገው ግን ሌላ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ውድነቱ። ሙሉ ትኬት ለሠራተኛ የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ ትኬቱ ተከፋፈለ፤ አንድ አሥረኛው ዴሲሞ ተባለ። ዴሲሞውም ሲከብድ ሰዎች ተቧድነው ገዙት። ከዚያም ማኅበሮች፣ የሠፈር መጠጥ ቤቶች፣ የኳስ ቡድኖችና የበዓል ኮሚቴዎች ዴሲሞዎች እየገዙ በላያቸው ላይ የራሳቸውን ትንንሽ የድርሻ ወረቀት እያተሙ መሸጥ ጀመሩ። በወረቀቱ ላይ ቁጥሩ፣ የድርሻው መጠንና የማኅበሩ ማኅተም አለ። ከዋጋው ላይ ጥቂት ሳንቲም ለማኅበሩ ይቀራል፤ ለልጆች ማልያ፣ ለበዓል ባንድ፣ ለተማሪዎች ሽርሽር። ዋናው ዴሲሞ በማኅበሩ ገንዘብ ያዥ እጅ ነው፤ ሌላው ሰው የያዘው እምነት ነው። እቁብ የጣለ አበሻ ይህን ስሜት ያውቀዋል፤ ልዩነቱ በእቁብ ዕጣው ዛሬ ባይወጣ አንድ ቀን መድረሱ አይቀርም፣ እዚህ ግን ለአብዛኛው ሰው በሕይወት ዘመኑ አይደርስም። ሆኖም የሥራ ባልደረቦች በሙሉ የገዙትን ቁጥር አንድ ሰው ብቻውን አልገዛም ለማለት ይከብደዋል። ዕጣው ቢወጣ ሰኞ ጠዋት ብቻውን ሥራ የሚገባው እሱ ነዋ።

ከሻጮች ሁሉ ስሟ የገነነው ማኑዌላ ዴ ፓብሎ ናት፤ ሕዝቡ ዶኛ ማኖሊታ የሚላት። በ1904 ከእህቶቿ ጋር በማድሪድ ሳን ቤርናርዶ ጎዳና ላይ ትንሽ የሎተሪ መሸጫ ከፈተች። መንገዱ በጊዜው የዩኒቨርሲቲው መንገድ ነበርና የመጀመሪያ ደንበኞቿ ተማሪዎች ሆኑ። ከእሷ ዘንድ የተገዛ ትኬት ይደርሳል የሚለው ወሬ በከተማው ናኘ። በ1931 ወደ ታላቁ የግራን ቪያ ጎዳና ተዛወረች። እሷ በ1951 ብታርፍም ስሟን የያዘው ሱቅ ዛሬም አለ፤ በኖቬምበርና በዲሴምበር ሰልፉ መንገድ ይዘጋል። ብዙ ዕጣ የሚወጣው ከሱ ዘንድ መሆኑ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሱቁ እጅግ ብዙ ቁጥር መሸጡ ነው። ሰልፈኛው ይህን አያጣውም። ቢሆንም ይሰለፋል።

በ1924 ጄኔራል ፕሪሞ ዴ ሪቬራ ቁማርን በአዋጅ ከለከለ። የቁማር ቤቶች ተዘጉ፤ የመንግሥት ሎተሪ ግን ቁማር ተብሎ አልተቆጠረም። በ1936 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፈነዳ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ ሎተሪውም ተከፈለ። በ1938 ሁለት የገና ዕጣ ወጣ፤ አንዱ በሪፐብሊኩ እጅ ባለችው ባርሴሎና፣ ሌላው የፍራንኮ መንግሥት በተቀመጠባት ቡርጎስ። በዚያ ክረምት ባርሴሎና በአየር ትደበደብ ነበር፤ ዳቦ በራሽን ነው። ከአንድ ወር ጥቂት በኋላ፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 1939፣ ከተማዋ ወደቀች። ፍራንኮም ሪፐብሊኩ ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ያሳተመውን ገንዘብ ዋጋ አልባ አደረገው። የባርሴሎናው ዕጣ ደርሶት በዚያ ገንዘብ የተከፈለ ሰው የጨበጠው ሀብት ለጥቂት ሳምንት ብቻ የቆየ ነበር።

በዚያው ወር፣ ዲሴምበር 13 ቀን 1938፣ በቡርጎስ የተፈረመ ሌላ ወረቀት ከሁለቱም ዕጣዎች የበለጠ የሰዎችን ሕይወት ለወጠ። የስፔን ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ድርጅት፣ በምሕጻሩ ኦንሴ፣ ተቋቋመ። ከጦርነቱ በፊት በካታሎኒያና በሌሎች ክፍላተ ሀገር ዓይነ ስውራን ማኅበር መሥርተው በየከተማቸው ትንንሽ ሎተሪ ይሸጡ ነበር፤ ሌላው ምርጫቸው በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መለመን ነበርና። አዲሱ ድርጅት ዓይነ ስውራን ብቻ የሚሸጡት ኩፖን እንዲያሳትም ተፈቀደለት፤ የመጀመሪያው ዕጣ ሜይ 8 ቀን 1939 ወጣ። ሦስት አኃዝ ብቻ ያለው፣ በሳንቲም የሚገዛ ነበር፤ ዕጣውም በየክፍለ ሀገሩ ለየብቻ ይወጣ ነበር። ሻጩ ኩፖኖቹን እንደ መቀነት ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ መንገድ ዳር ይቆማል። በመቶ ሺዎች በተገደሉበት፣ በተሰደዱበትና በታሰሩበት አገር የዓይን ብርሃን የሌለው ሰው ደሞዝተኛ ሆነ። ያቋቋመው መንግሥት ለሌላው ሁሉ ጨካኝ እንደነበር አልዘነጋሁም፤ ይህ ግን ሊነገርለት ይገባል። ከኩፖኑ ገቢ የብሬል ማተሚያ ቤቶችና የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ተሠሩ፤ ኋላ ላይ ሌላ የአካል ጉዳት ያለባቸውም በሻጭነት ተቀጠሩ። በ1984 በየክፍለ ሀገሩ የነበሩት ዕጣዎች ወደ አንድ አገር አቀፍ ዕጣ ተጠቃለሉና ገቢው በእጅጉ አደገ።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ ኤል ኒኞ የሚባለው ዕጣ ተጀመረ፤ ዛሬ የሚወጣው ጃንዋሪ 6 ቀን፣ ሰብአ ሰገል በሚታሰቡበት ዕለት ነው። በገና ያልቀናው በዚያ ደግሞ ይሞክራል። ሴፕቴምበር 22 ቀን 1946 የኳስ ግምት መጣ፤ ኪኒዬላ። መጀመሪያ ተጫዋቹ የሰባት ጨዋታዎችን ትክክለኛ ውጤት መገመት ነበረበት፤ ከባድ ስለሆነ አልያዘም። በ1948 ተቀየረ፤ አሥራ አራት ጨዋታ፣ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ምርጫ፦ 1 ባለሜዳው ካሸነፈ፣ ኤክስ አቻ ከወጡ፣ 2 እንግዳው ካሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ በየቤቱ በሌላ ጆሮ ይደመጥ ጀመር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ወጣቱን የያዘው የኳስ ውርርድ አሠራር በስልክ የፈጠነ ይሁን እንጂ 1፣ ኤክስና 2 ያኔ በእርሳስ የሚሞሉ ነበሩ። ሳምንት ሙሉ የሚጠበቀው ወረቀት በየደቂቃው ከሚጋብዘው ስልክ ይሻል ነበር እላለሁ፤ ቢያንስ በመካከል ሥራ ይሠራል።

ፍራንኮ በ1975 ሞተ። በ1977 መጀመሪያ ካዚኖና ቢንጎ በሕግ ተፈቀዱ፤ የመንግሥት ሎተሪም ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ተፎካካሪ አገኘ። ምላሹ አዳዲስ ጨዋታ ነበር። በ1985 ከ123 ዓመት በኋላ ፕሪሚቲቫ ተነሣ፤ አሁን ከ49 ቁጥሮች ስድስት መምረጥ ሆኖ። በ1988 ቦኖሎቶ፣ በ1993 የፕሪሚቲቫ ጎርዶ ተከተሉ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2004 ስፔን፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ አብረው ዩሮ ሚሊዮንን ጀመሩ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ፖርቱጋል፣ አየርላንድ፣ ቤልጂየም፣ ሉክሰምበርግ፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ገቡ። በእነዚህ ሁሉ ብዙ ሚሊዮን ለአንድ ሰው ይወጣል። ስፔናዊው ይጫወታቸዋል፤ በየዓመቱ አገር ሙሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከፍቶ የሚጠብቀው ግን የዲሴምበር 22 ቀኑን ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት በሦስት ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) በአዳራሹ ዕጣው መውጣት ይጀምራል። ሁለት የሚሽከረከሩ የብረት ሉሎች አሉ። በትልቁ ውስጥ የሚሸጠው ቁጥር ሁሉ በየራሱ ትንሽ የእንጨት ኳስ ላይ ተቀርጾ ይገባል፤ ኳሶቹ ሦስት ሦስት ግራም የሚመዝኑ ናቸው። በትንሹ ውስጥ የዕጣ መጠን የተጻፈባቸው 1,807 ኳሶች አሉ። ከሁለቱም አንድ አንድ ኳስ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። አንደኛው ልጅ ቁጥሩን በዜማ ይላል፤ ሌላኛው ገንዘቡን በዜማ ይመልሳል። አብዛኛው፣ 1,794ቱ፣ የማስተዛዘኛ ዕጣ ስለሆነ ተመሳሳይ ዜማ ለሰዓታት ይደጋገማል፤ ከዚያ ድንገት የልጁ ድምፅ ከፍ ይልና አዳራሹ ይነሣል። ልጆቹ ዛሬም ከሳን ኢልዴፎንሶ ናቸው፤ ለወራት ይለማመዳሉ። ለሁለት መቶ ዓመት ወንዶች ብቻ ከዘመሩ በኋላ በ1984 ሴት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የገናውን ዕጣ ዘመረች። ዕጣው ለአሥርት ዓመታት በማድሪድ ጉስማን ኤል ቡዌኖ ጎዳና ባለው የሎተሪ አዳራሽ ሲወጣ ቆይቶ ከ2012 ጀምሮ በንጉሣዊው ቴአትር ቤት ሆኗል። ያልደረሰው ሕዝብ ደግሞ እርስ በርሱ ዋናው ጤና ነው ይባባላል፤ ቀኑንም የጤና ቀን ብሎ ይጠራዋል።

በ2011 ስፔን በዕዳ ቀውስ ውስጥ ነበረች። ግንባታው ቆሟል፤ ከአምስት ሠራተኛ አንዱ ሥራ ፈት ነው። የሳፓቴሮ መንግሥት የሎተሪውን ድርጅት ሰላሳ በመቶ ድርሻ ለባለሀብቶች ሊሸጥ ተዘጋጀ፤ በሴፕቴምበር ገበያው ወረደና ሽያጩ ተሰረዘ። ለሁለት መቶ ዓመት ያለማቋረጥ ያስገባን ነገር ለአንድ ዓመት ጉድለት መሸጥ ስህተት ይሆን ነበር፤ ገበያው ስላተረፈው እሰየው። በዚያው ዓመት ቁጥሮቹ ወደ 100,000 ከፍ አሉ፤ ለአንድ ዴሲሞ የሚደርሰው ጎርዶም ከ300,000 ዩሮ ወደ 400,000 አደገ። ዴሲሞው 20 ዩሮ ነው። ከሽያጩ ሰባ በመቶ በዕጣ መልክ ይመለሳል።

ዲሴምበር 22 ቀን 2011 ጎርዶ የወጣለት ቁጥር 58268 ነበር፤ የተሸጠውም በአራጎን፣ በኡዌስካ ክፍለ ሀገር ባለችው ግራኜን ከተማ። በዚያው አካባቢ ሶዴቶ የምትባል ሰባ ያህል አባወራ ያላት መንደር አለች፤ በ1950ዎቹ የፍራንኮ መንግሥት ለመስኖ እርሻ የመሠረታት የሠፈራ መንደር ናት። የመንደሩ የቤት እመቤቶች ማኅበር እንደ ልማዱ ያንን ቁጥር በአምስት አምስት ዩሮ ድርሻ ቤት ለቤት እያንኳኳ ሸጦ ነበር። አንዱ ድርሻ 100,000 ዩሮ ሆነ። ሁለት ሦስት የገዛም ነበር። ድርቅ የጎዳቸው ገበሬዎችና ከግንባታ ሥራ የተባረሩ ወጣቶች ወደ አደባባዩ ወጡ፤ በመንደሯ የወደቀው ገንዘብ ከመቶ ሚሊዮን ዩሮ እንደሚበልጥ ተዘገበ። ድርሻ ያልነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፍቅር ተከትሎ ወደ አካባቢው የመጣ ግሪካዊ ፊልም ሠሪ። ቤቱ ከመንደሩ ወጣ ያለ ስለነበር ሴቶቹ ደጁን ሳያንኳኩ ቀርተዋል። እሱ ካሜራውን አንሥቶ የጎረቤቶቹን ደስታ ቀረጸ።

ዓለም ስለ ሶዴቶ ሲጽፍ ያልደረሰውን ሰው ነበር ያነሣው። እኔን የሚገርመኝ ግን ቤት ለቤት የዞሩት ሴቶች ናቸው። ገንዘቡ በዚያ መልክ የተበተነው ዕድል ስለፈቀደ ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ በእግር ያከፋፈለው ሰው ስለነበረ ነው። ያንኑ ቁጥር አንድ ሀብታም ጠቅልሎ ገዝቶት ቢሆን መንደሯ እንደ ነበረች ትቀር ነበር።

መንግሥትም እጁን ለመዘርጋት ብዙ አልቆየም። እስከዚያ የሎተሪ ዕጣ ግብር አልነበረበትም፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ግን ከ2,500 ዩሮ በላይ ባለው ላይ ሃያ በመቶ ተጣለ። ወለሉ በየደረጃው ከፍ እያለ በ2020 40,000 ዩሮ ደረሰ። ስለዚህ ዛሬ ጎርዶ የደረሰው ሰው ከ400,000 ዩሮ ላይ 72,000 ለግብር ትቶ 328,000 ይወስዳል። ካርቫሃል ግብር ከፋዩን ሳያስከፋ ብለው ያቀረቡት ሎተሪ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ራሱ ግብር ተጣለበት። ከትኬቱ ሽያጭ ድርሻውን አስቀድሞ የወሰደ መንግሥት ከዕጣው ደግሞ መቁረጡ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

በ2014 የሎተሪው ድርጅት ያሠራው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አንድ ታሪክ ያሳያል። ሥራ የፈታ ሰው ዘንድሮ ገንዘብ አጥሮት ከሠፈሩ መጠጥ ቤት ድርሻውን ሳይገዛ ይቀራል፤ ጎርዶ ደግሞ በዚያ ቁጥር ይወጣል። እያፈረ ባለቤቱን እንኳን ደስ ያለህ ሊል ይገባና ቡና ያዛል። ሒሳቡ ሃያ አንድ ዩሮ ይመጣበታል፤ አንዱ ለቡናው፣ ሃያው ባለቤቱ በስሙ ላስቀመጠለት ዴሲሞ። ማስታወቂያ ነውና ለመሸጥ የተሠራ ነው። ሆኖም ቀውሱ ከጀመረ ከስድስት ዓመት በኋላ ብዙ ስፔናዊ ያንን ሰው ያውቀው ነበርና አልቅሶ አየው።

በ2020 በኮሮና ምክንያት ቴአትር ቤቱ ያለ ተመልካች ባዶ ሆኖ ዕጣው ወጣ፤ ልጆቹ በባዶ ወንበሮች ፊት ዘመሩ። በ2024 ጎርዶ 72480 ነበር፤ ቁጥሩ የተሸጠው በሎግሮኞ ከተማ ሲሆን ማድሪድ ያለ አንድ የሠፈር ቅርጫት ኳስ ክለብ ከዚያ አስመጥቶ ለልጆቹ ቤተሰቦች በድርሻ አከፋፍሎት ነበር። የገና ትኬት ሽያጭ በየዓመቱ በጁላይ ይከፈታል። ለእረፍት ወደ ባሕር ዳርቻ የሚሄደው ቤተሰብ ከሄደበት ከተማ አንድ ቁጥር ገዝቶ ይመለሳል፤ በሴፕቴምበር ሥራ ሲገባ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ቁጥር ይጠብቀዋል።